ከማተቡ ጎን የተንጠለጠለ ቁልፍ

እትዬ ወለተ ሐና አንገት ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ጥቁር ማተብና የነሐስ ቁልፍ። ማተቡን ያሰሩላቸው ቄስ ናቸው፤ ቁልፉን የሰጣቸው የእናቶች የቅርስ ማኅበር ነው። እትዬ ወለተ ሐና ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ቅቤ ሸጠዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን «ኃላፊ» ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የማኅበራችን የፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ከሦስት ዓመት በፊት «የቅርስ ክፍል ጠባቂ» ብሎ ሲመርጣቸው ቁልፉን ተቀብለው ሳሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ከዚያም ከማተቡ ጋር ቋጠሩት። ሲራመዱ ቁልፉ ከማተቡ መስቀል ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል ይላል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደወሏን ይዛ ወደ እኔ የምትመጣ ይመስለኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲሞት ቁልፉ አብሮት ይቀበራል?» ብለው አንድ ቀን ጠየቁኝ።

«አይ እትዬ፣ ለማኅበሩ ይመለሳል።»

«እንግዲያ አልሞትም» አሉ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንዲገባላቸው የፈለጉ ይመስል ወደ እስክሪብቶዬ እያዩ።

የማኅበሩ ፀሐፊ እኔ ነኝ። የመረጡኝ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጨረስኩና ሥራ ስላልነበረኝ ነው፤ ሁለቱም ምክንያቶች በስብሰባው ላይ በይፋ ተነግረዋል። አሥራ አራት አባላት አሉን። ዋናው ሥራችን የሐሙስ ገንፎ ነው። ከገጠር መጥተው ሆስፒታል ለሚወልዱና ዘመድ ላልደረሰላቸው እናቶች በየሳምንቱ ሐሙስ ገንፎ አገንፍተን እንሄዳለን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን እልልታውን ስናቀልጠው የተኙት ሕፃናት ሁሉ ይነቃሉ፤ ነርሶቹም ከዓርብ እስከ ረቡዕ ይቅርታ ያደርጉልናል።

ሌላው ሥራችን የቅርስ ክፍሉ ነው። ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ይከማችባት የነበረች አንዲት ክፍል ተሰጥታን፣ ከየቤቱ የተለገሱ ሃያ ሁለት የጥንት ዕቃዎች ደርድረንባታል። ቁጥር አንድ ትልቁ ጋን ነው፤ ልጅ ሆኜ ብገባበት ኖሮ እስካሁን መውጫውን የምፈልግ ይመስለኛል። ቁጥር አራት ከአንድ ዋንዛ ግንድ የተጠረበ ገበቴ ነው፤ ሰፊና ጥቁር፣ የስንት ሴት መዳፍ ያለሰለሰው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙንና ዕድሜውን ጽፌ፣ ከሥሩ «እባክዎ አይንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

እትዬ ወለተ ሐና ግን አንድ ድካም አለባቸው። ዕቃ ልዋስ ብሎ የመጣን ሰው «አይሆንም» ማለት አይችሉም። ቃሉን አፋቸው አልለመደውም። የመጀመሪያዋ ጠያቂ በደምበጫ መንገድ ካለች መንደር የመጣች የሙሽራ እናት ነበረች። በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ከቁጥር አንድ ላይ አልነቅል አለች።

«እትዬ፣ ለሠርጉ ጋን ጎድሎብን ነበር።»

«ይኼ እኮ ቅርስ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ቅርስ መሆኑማ ደግ ነው፤ ጠላው ይጥማል።»

እትዬ ወለተ ሐና ጋኑን አዩት፤ ሴትዮዋን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። «ብቻ ወረቀቱን እንዳትልጡት» አሉ።

አራት ጎረምሶች ጋኑን አጋድመው እየገፉ በጠባቡ በር አወጡት። ወሬው ተሰማ። ከዚያ በኋላ ኮርቻው ለሌላ ሙሽራ፣ አገልግሉ ለመንገደኛ፣ የቀንድ ዋንጫዎቹ ለክርስትና፣ ስልቻው ለዘር ሄዱ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘይቱና፣ እሳቸው ራሳቸው የማኅበሩ አባል ሆነው ሳለ፣ ቁጥር አሥራ አንድን ትልቅ የማር ቅል ተውሰው ለልጃቸው ኒካህ ወሰዱት። አንድ ረቡዕ ቀን ከእትዬ ወለተ ሐና ጋር ወደ ክፍሉ ገብቼ ብቆጥር የቀሩት ሦስት ነበሩ፤ አንድ እንዝርት፣ አንድ የተሰነጠቀ እንስራና አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። በባዶው መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ተኝታ ነበር። እንዲህ ያለ የተዋበ ባዶነት አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ቆሜ ተደነቅሁ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የደወሉት ወይዘሮ ውዳሴ ነበሩ፤ የቡሬ ቅርንጫፍ ሰብሳቢና የዘንድሮ የቅርንጫፎች አስተባባሪ። የቡሬ ሰዎች ደምበጫ መንገድ ላይ ሠርግ በልተው፣ «ቁጥር አንድ፣ እባክዎ አይንኩ» ከሚል ጋን ጠላ ጠጥተው ተመልሰዋል።

«ነገ ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ» አሉ ወይዘሮ ውዳሴ። «እስከ ስድስት ሰዓት ሃያ ሁለቱም ዕቃዎች በየቦታቸው፣ ክፍሉ ውስጥ መገኘት አለባቸው። አንድ እንኳ ከጎደለ ደንቡ ግልጽ ነው። ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ መኪና ልኬ ዕቃዎቹን ወደ ቡሬ አስጭናለሁ።»

እትዬ ወለተ ሐና እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። ቁልፉ ቅጭል አለ።

ዕቃው ይመለስ ብሎ መላክ ቀላል ነበር፤ ስልክ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ አፍ አለ። የረሳነው ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ትልቅ ነውር ነው። ጭብጥ እህልም ብትሆን፣ ከላዩ የተጣለች ዳቦም ብትሆን አንድ ነገር ይገባበታል። ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ ማንም ሊነግራቸውም አያስፈልግም። ሃያ ያህል ቤት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ነገ አምጡ» ሲባል ሃያ ያህል ቤት እሳት አነደደ።

ሐሙስ ጠዋት ቅርሶቻችን መምጣት ጀመሩ። አገልግሉ ትኩስ ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ። ስልቻው ጤፍ ጠጥቶ እንደ ጠገበ መሥፍን ሆዱን ነፍቶ ገባ። በኮርቻው ላይ ሁለት ድፎ ዳቦ በገመድ ታስሮ ተፈናጥጧል። የቀንድ ዋንጫዎቹን የያዘችው ሴት እርጎው እንዳይፈስባት ከቤቷ ጀምሮ አንድ እርምጃ አንድ ትንፋሽ እያለች መጥታ ነበር። እትዬ ዘይቱና ቅሉን ሁለት እጃቸው ላይ አስተኝተው ገቡ።

«ዘይቱና፣ በሞቴ፣ ያንቺ እንኳ ባዶ ነው በይኝ» አሉ እትዬ ወለተ ሐና።

«ምነው ወለቴ፣ ሰደብሽኝ እኮ!» አሉ እትዬ ዘይቱና። «የዘጌ ማር እንኳ እንዲህ አይነጣ። ቅመሺውማ።»

«ሴትዮዋ ልትደርስ ነው!»

«እሷም ትቅመሳ።»

ወይዘሮ ውዳሴ በተባለው ሰዓት ደረሱ። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ወረቀት። ክፍሉን ሲያዩ ፊታቸው ለቅጽበት ተፈታ፤ መደርደሪያው ሞልቷል። ከዚያ አፍንጫቸው ሠራ።

«ቁጥር ሰባት» ብለው ወረቀቱን አነበቡ። «አገልግል፣ በግምት ሰባ ዓመት፣ እባክዎ አይንኩ።» ክዳኑን ከፈቱ። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፈነው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ሰባ ዓመቱ አገልግሉ ነው፤ ዶሮዋ የዛሬ ናት» አሉ እትዬ ወለተ ሐና።

ወይዘሮ ውዳሴ ወደ ዋንጫዎቹ ሄዱ፤ እርጎ። ወደ ስልቻው፤ ጤፍ። ወደ ቅሉ፤ እትዬ ዘይቱና ማንኪያ አቀበሏቸው። «ቅርስ ማለት ባዶ ዕቃ ነው!» አሉ በመጨረሻ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ይደፋ ይኼ ሁሉ!»

ሰው የላከውን በረከት ድፉ ሲባል ከዚያ በፊት ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያመጡት ሴቶች ደግሞ ሁሉም በር ላይ ቆመዋል።

«አይደፋም» አሉ እትዬ ወለተ ሐና ረጋ ብለው። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ገንፎው ተገንፍቷል፤ ገበቴው ውስጥ ነው። ይኼንንም አብረን ለአራሶቹ እናድርሰው፤ ያኔ ዕቃው ባዶ ይሆንልዎታል።»

«ዕቃው ግን ከክፍሉ አይወጣም!»

«እንግዲያ ወጡን በእፍኜ ልያዝላቸው?»

ወይዘሮ ውዳሴ ሰዓታቸውን አዩ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ ክርክር በኋላ ቅርሶቹ ከዓይናቸው ሳይጠፉ በሰልፍ እንዲሄዱ ተስማሙ። እንዲህ ሆነና የፍኖተ ሰላም ሕዝብ ያን ቀን አንድ ቅርስ ክፍል በእግሩ ሲሄድ አየ። ፊት ፊት ገበቴው በሁለት ሴቶች ትከሻ፣ ቀጥሎ አገልግሉ፣ ዋንጫው፣ ቅሉ፣ ዳቦ የጫነው ኮርቻ በእኔ ጀርባ፤ ከኋላ ወይዘሮ ውዳሴ ወረቀታቸውን ይዘው ቁጥር እየጠሩ። ባጃጆች ቆሙልን። አንድ የጋሪ ፈረስ ኮርቻውን ተሸክሜ ሲያየኝ በሐዘኔታ አንገቱን ነቀነቀ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ አራሶች ነበሩ። መነሣት የቻሉት በገበቴው ዙሪያ ተሰበሰቡ። አንዷ ከቋሪት ገጠር የመጣች ልጅ እግር እናት ሦስት ቀን ዘመድ ሳታይ ቆይታለች፤ ገንፎውን ስታይ ሳቀችም አለቀሰችም። እልልታው ተነሣ። ወይዘሮ ውዳሴ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ገጥመው ቆሙ። ቆይተው ገበቴውን በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ ጠርዙን ዳሰሱት። ከዚያ ከየት እንደ መጣ ያላወቅነው አንድ እልልታ ሁላችንንም በልጦ ወጣ፤ ስናይ አፋቸው ክፍት የነበረው የወይዘሮ ውዳሴ ነው።

«ልጄ ወሯ ገብቷል» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ወዲያው ሳል አሉና «ቁጥር አራትን ጥረጊው» አሉ።

ስንመለስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ዕቃዎቹን አጠብን፤ አደረቅን፤ ደረደርን። ጤፉም ለሚመጣው ሐሙስ ገንፎ ተገለበጠ። ሃያ አንዱ ተገኘ። የጎደለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ጋኑ።

«ያረጋል እያመጣው ነው» አሉ እትዬ ወለተ ሐና። ያረጋል የከተማው ጋሪ ነጂ ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ውዳሴ እጃቸውን ዘረጉ።

«በእኛ ሰዓት ገና አራት ከአሥር ነው» አሉ እትዬ ወለተ ሐና ወደ ግድግዳው እያመለከቱ።

ወይዘሮ ውዳሴ አልሳቁም። ቁልፉ ግን አልፈታም አለ። ሦስት ዓመት ከማተቡ ጋር ተቋጥሮ፣ ላብና ቅቤ ጠጥቶ አንድ ገመድ ሆኗል። መቁረጥ አይታሰብም፤ ማን ማተብ ይቆርጣል? ወይዘሮ ውዳሴ በጥፍራቸው ሞከሩ፤ እኔ በእስክሪብቶ ጫፍ ሞከርኩ። በመጨረሻ ዓይናቸው ጥሩ ነው ተብሎ እትዬ ዘይቱና ተጠሩ።

«እኔ የክርስቲያን ማተብ ስፈታ አላህ ምን ይለኛል?» እያሉ መርፌ አወጡ።

«ማተቡን ሳይሆን ቁልፉን ነው የምትፈቺው። ቀስ በይ፣ አንገቴን አትኮርኩሪኝ» አሉ እትዬ ወለተ ሐና። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። መፍታቱ ሲጓተት እትዬ ዘይቱና ሆን ብለው እንደሚያጓትቱት ገባኝ፤ አንዴ ፈትተው ሁለት ጊዜ ይቋጥራሉ።

ያረጋል ያን ጊዜ ደረሰ። ፈረሱን በልጓም እየሳበ በእግሩ ነበር የመጣው። ጋሪው ላይ ጋኑ ቆሟል፤ አፉ በቅጠል ተሸፍኗል።

«የት ቀረህ፣ አንተ?» ብለው ጮኹ እትዬ ወለተ ሐና።

«ከሌሊት ጀምሮ እየመጣሁ ነው፣ እትዬ። እንዳይፈስ ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ጠላው ነዋ! የሙሽራው እናት 'የጋን ባዶ አልሰድም' ብላ እስከ አፉ ሞላችው።»

አሥራ ሁለት ሰው ተሰብስቦ በሩን አየ፤ ጋኑን አየ። በዚያ በር ጋኑ የሚገባው ተጋድሞ ነው። ሙሉ ጋን አይጋደምም። ወይዘሮ ውዳሴ እስክሪብቶአቸውን አነሡ። «ቁጥር አንድ ክፍሉ ውስጥ የለም። ጋሪ ላይ ነው። ሰዓቱም አልፏል።» መርፌው ያን ጊዜ ሥራውን ጨረሰ፤ ቁልፉ እትዬ ዘይቱና መዳፍ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ውዳሴ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እትዬ ወለተ ሐና ዋንጫ አንሥተው ከጋኑ ቀዱና ለወይዘሮ ውዳሴ ሰጧቸው። «ፀሐይ ነው፤ መንገደኛ ነዎት» አሉ። ወይዘሮ ውዳሴ አንድ ጠጡ። ከዚያም «ጥራቱን ለመመዝገብ» ብለው ሁለተኛ ጠጡ። እትዬ ዘይቱና አፍንጫቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ከጋሪው ራቅ ብለው ቆሙ። መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ ጋኑን ሲያጎድልልን፣ ወይዘሮ ውዳሴ እትዬ ወለተ ሐናን ወደ ጥግ ሳብ አደረጓቸው። እኔ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ።

«እንዲያው... ገበቴውን...»

«ምን ሆነ?»

«ልጄ ስትወልድ ለገንፎው። ቡሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ የለም።»

«እርስዎ ቅርስ ክፍል ውስጥ የለም እንዴ? ሁለት ገበቴ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ወይዘሮ ውዳሴ አንገታቸውን ደፉ። «ሰው እንዳይዋስ ብዬ ሁሉንም ከመደርደሪያው ጋር በማስቲሽ አጣብቄዋለሁ።»

እትዬ ወለተ ሐና ይህን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው። «ታዲያ እኔን ምን ይጠይቁኛል፣ እቴ? ቁልፉ እኮ እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

«ራሴን ልለምን?» አሉ ወይዘሮ ውዳሴ። «ደግሞም ብለምን እምቢ እላለሁ።»

እትዬ ወለተ ሐና ገበቴውን ራሳቸው አወጡት። በነጠላቸው ጠረጉት፤ የቡሬ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈተሹ። «በሰላም ትገላገል» አሉ። ሚኒባሱ ሲሄድ እጃቸው ወደ አንገታቸው ወጣ፤ ማተቡን ብቻ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ዝም ያሉ ሳምንታት ነበሩ። እትዬ ወለተ ሐና ሲመጡ አይሰሙም። ድንገት ከኋላዬ ቆመው ሳገኛቸው እደነግጣለሁ፤ ያቺ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደወሏን አጥታለች። በወሩ መጨረሻ መኪናው ይመጣል። ዕቃ ልዋስ ባዮች ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ ክፍሉ ተቆልፎ ሲያገኙ እትዬ ወለተ ሐና ዘንድ ይሄዳሉ።

«ቁልፉ የለኝም፣ የኔ ዓለም።»

«ማን ዘንድ ነው?»

«ቡሬ፣ ወይዘሮ ውዳሴ ዘንድ። ስልካቸውን ፀሐፊዋ ትስጥሽ።»

እኔም እሰጣለሁ፤ ደንቡ የቁልፍ ያዥን ስልክ መደበቅ አይፈቅድም። ለአገልግል ደወሉላቸው። ለስልቻ ደወሉላቸው። ከዱርቤቴ አንድ ሰው ኮርቻ ፈልጎ ሰባት ጊዜ ደወለ። አንድ የደምበጫ ቤተሰብ ስልኩ አልነሣ ሲለው ቡሬ ድረስ ሄዶ ደጃቸው ላይ ተቀመጠ፤ ምሳ አብልተው ሰደዱት ተባለ።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ የቡሬ ሚኒባስ መናኸሪያ ገባ። ገና ሳይቆም በሩ ተከፈተና ተሳፋሪው ሁሉ እያነጠሰ ወረደ። ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጣሪያው አመለከተ። «ያንን ውሰዱልኝ! ከቡሬ ጀምሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር እያለቀስን ነው።»

ገበቴው ነበር። እስከ ጠርዙ በቡሬ በርበሬ ተሞልቷል፤ ተቀጥቅጦ፣ ደቅቆ፣ ቀይ ሆኖ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፤ ላስቲኩ ግን በአንድ ጎን ተቀዷል። እንዲህ ያለ ቅላት አላየሁም ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው በማንኪያ ቢቀዳት እንዲህ ትሆናለች። ይህን ለእትዬ ወለተ ሐና ልነግራቸው አፌን ስከፍት በነፋስ የመጣው በርበሬ ገባበት፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገርኩም።

እትዬ ወለተ ሐና ሾፌሩን ጠየቁት፤ «ልጅቱስ?»

«ወንድ ወልዳለች፤ ደኅና ናት። ወይዘሮ ውዳሴ 'እጃቸውን ወደ ውስጥ ከተው ይዩ' ብለዋል።»

እትዬ ወለተ ሐና እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ገቡ። ፈለጉ። ፊታቸው መጀመሪያ ጠየቀ፤ ቀጥሎ አወቀ። እጃቸው ሲወጣ ቀይ ነበር፤ በጣቶቻቸው መካከል የነሐስ ቁልፉ፣ በቁልፉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት። አንብቢልኝ ብለው ሰጡኝ። በዓይኔ እንባ መካከል አነበብኩ፤

«እትዬ ወለተ ሐና፣ መኪናው ቀርቷል። ቁልፉን ይያዙት። ስልኬን ግን ለማንም እንዳይሰጡብኝ።»

እትዬ ወለተ ሐና ቁልፉን ሳሙት። ግንባራቸውን አስነኩት። በርበሬውን ያስታወሱት ያን ጊዜ ነው። መናኸሪያው መካከል «ወዮ ዓይኔን! ወዮ ከንፈሬን!» እያሉ ሲዞሩ እትዬ ዘይቱና ውኃ ይዘው ሮጡ፤ ያረጋል ጋሪውን አቆመ፤ እኔ ሳቅና ማስነጠስ እኩል ደረሱብኝና ገበቴው ጎን ተቀመጥኩ።

ፊታቸው ታጥቦ ገና ሳይደርቅ፣ አንዲት ሴት በሕዝቡ መካከል አልፋ መጣች። ገበቴውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እትዬ፣ እሑድ ተዝካር አለብን» አለች። «ይኼ ነገር ባዶ ነው?»

እትዬ ወለተ ሐና አንዱን ዓይናቸውን ከፈቱ። ቁልፉን ከማተቡ ጋር እየቋጠሩ ነበር፤ አንገታቸው መቅላት ጀምሯል።

«በርበሬውን ለሐሙስ ገንፎ እስክገለብጥ ታገሺኝ» አሉ። «ወረቀቱን ብቻ እንዳትልጪው።»